ዝናብ ሲመጣ የሚነሳው ጄኔሬተር

የሌጎስ ሰፈር በሆነችው ሙሺን ውስጥ ዝናብና መብራት ተስማምተው ኖረው አያውቁም። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል። ሰማዩ ገና ማጉረምረም ሲጀምር፣ አንዲት ጠብታ እንኳ መሬት ሳትነካ፣ መብራቱ ድርግም ይላል። ማራገቢያው ሁለት ዙር ተንቀራፎ ይቆማል፣ ልጆቹ በየክፍሉ "ኤጭ!" ይላሉ፣ ከዚያ በየደጁ ትንንሾቹ ጄኔሬተሮች መንጫጫት ይጀምራሉ። የሌጎስ ሰው እነዚህን ጄኔሬተሮች "ጎረቤቴን በለጥኩ" ብሎ ይጠራቸዋል። አንድ አምፖልና አንድ ማራገቢያ ለማንቀሳቀስ ነፍሳቸው ሊወጣ የሚደርስ እቃዎች ናቸው። ቢሆንም ጎረቤት ጨለማ ውስጥ ላቡን እየጠረገ ያንተ አምፖል ከበራ በልጠሃል፤ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?

የቢዱን እናት ጨለማ አትፈራም። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፣ ግማሹን ያሳለፈችው በዚሁ ቤት ነው፣ ክፍሏን በዳበሳ ታውቀዋለች። የምትፈራው ከዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ተለይቶ የሚመጣውን አንድ ድምፅ ነው። ከጓሮ በኩል ይመጣል። እንደ ሽማግሌ አጫሽ ሁለት ጊዜ ይስላል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይይዝና ቀጭን ፉጨት እየጨመረ ይንደቀደቃል። ከባድ ዝናብ በመጣ ቁጥር፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ሰምታዋለች። ጓሮው ውስጥ ግን ጄኔሬተር የለም። አስር ጊዜ ወጥታ አይታ፣ አስር ጊዜ በስብሳ ተመልሳለች።

ለማንም አልተናገረችም። ምን ብላ ትናገራለች? በዚህ ሰፈር አሮጊት ሴት "ድምፅ ይሰማኛል" ካለች፣ በሌሊት ሰው ትበላለች ለመባል ሌላ ምስክር አያስፈልጋትም። ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ጥጥ ጆሮዋ ውስጥ ትወትፋለች፣ ሻሿን አጥብቃ ታስራለች፣ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ዱዓ እያደረገች ትጠብቃለች። ጥጡ ረድቷት አያውቅም።

ቤቱ ያው የሙሺን ቤት ነው። አምስት ክፍል ከአምስት ክፍል ተፋጥጦ፣ መሃሉ ረጅም ኮሪደር። የአንዱ ሳል የሁሉም ነው፣ የአንዱ ወጥ ሽታም እንደዚሁ፣ ወጡ ግን የባለቤቱ ብቻ ነው። በኮሪደሩ ጫፍ የእንጨት በር አለ። ከበሩ ወዲያ ድሮ ማድቤት የነበረች ጠባብ ቦታ ትገኛለች። ከእሷ አንዱ በር ወደ ጓሮ ያስወጣል፣ ሌላው ወደ መጨረሻዋ ክፍል ያስገባል። ያቺ ክፍል የጂሞ ነበረች።

ጂሞ ስልክ ጠጋኝ ነበር። የቢዱን እናት በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው፣ ሲያስቅ ራሱ ቀድሞ የሚስቅ፣ "ትልቋ እናቴ" እያለ ለሽያጭ ከምትጠብስበት መጥበሻ ላይ ትኩስ አካራ፣ የባቄላ ጥብስ፣ የሚሰርቃት ልጅ። ሮሞኬ የምትባል ዝምተኛ ልጅ አግብቶ አምስት ወሩ ነበር። እናቱ የምትኖረው ከቢዱን እናት ክፍል ፊት ለፊት ነው። ሁለቱ ሴቶች ሃያ ስምንት ዓመት በር ለበር ኖረዋል። ጨው ተበዳድረዋል፣ ተሰዳድበዋል፣ አንዷ የሌላዋን ባል ቀብራለች። በዚህ ሰፈር ሴት ከወለደች በኋላ በራሷ ስም የሚጠራት የለም፤ የልጇ እናት ናት፣ አለቀ። የጂሞ እናት ናት፣ የቢዱን እናት ናት።

ከስድስት ዓመት በፊት፣ በሰኔ ወር፣ ለሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ጣለ። የጂሞ እናት ለቀብር ኢጀቡ ከተማ ሄዳለች። ጂሞና ሮሞኬ ማራገቢያቸውን አስነስተው ተኝተዋል፤ ጄኔሬተሩ ጓሮ ውስጥ፣ ከቆርቆሮው ጠርዝ ስር ይንደቀደቃል። የቢዱን እናት ወደ ሽንት ቤት ስትወጣ ንፋሱ ዝናቡን እያመጣ ሲገርፈው አየችው። ልጁ ስንት ወር አጠራቅሞ የገዛው ነው፣ አንጀቷ አልቻለም። እየሠራ እንዳለ ጎትታ ወደ ድሮው ማድቤት አስገባችው። ውሃ እንዳይገባ የጓሮውን በር ዘጋች። የጂሞ በር ዝግ ነበር። አንኳኩታ ልትነግረው አሰበችና፣ አዲስ ሙሽሮች ናቸው፣ ምን አደርጋቸዋለሁ ብላ ተወችው። ከዚያ ጩኸቱ እንቅልፍ እንዳይነሳት የኮሪደሩንም በር ዘግታ ሄዳ ተኛች። እንዴት ያለ ጥሩ እንቅልፍ እንደተኛች እስከ ዛሬ ታስታውሳለች። ከሁሉ የሚያቃጥላት እሱ ነው።

ጠዋት ሁለቱም አልተነሱም። ዓይን የማያየው ጭስ በበሩ ስር ገብቶ እንደተኙ ወስዷቸዋል። ሰዉ ጄኔሬተሩን አየ፣ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፣ "እንዳይሰረቅ ብሎ አስገብቶት ራሱን ገደለ" አለ። የቢዱን እናት አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ከቀብሩ በኋላ እናገራለሁ አለች። እናቱ ለቅሶዋን ትጨርስ አለች። ዓመቱ ይለፍ አለች። እዚህ ላይ መፍረድ ቀላል ነው፤ ግን አንዴ የተዋጠ ቃል በየቀኑ እየከበደ እንደሚሄድ የዋጠ ያውቀዋል።

የቤቱ ኃላፊ አቶ ሳካ ደግሞ ወሬውን አሳመረው። ሰው የሞተበት ክፍል ተከራይ አያገኝም፤ ሰካራም የሞተበት ክፍል ግን ያገኛል፣ ጥፋቱ የክፍሉ አይደለማ። ስለዚህ ለጠየቀው ሁሉ "ልጁ ጠጥቶ ነበር፣ የክፍሉን በር ወለል አድርጎ ተኛ" ይላል። ጂሞ በሕይወቱ አንዲት ጉንጭ ቀምሶ አያውቅም።

የጂሞ እናት ይህን ሁሉ ሰማች። በለቅሶው ጊዜ አንዷ ጎረቤት፣ የሟቹን ስም ላለማንሳት አስባ፣ በገዛ ስሟ "ሳራታ" ብላ ብትጠራት እንደ ነብር ተነሳችባት። "የጂሞ እናት ነኝ! ሞተ ተብሎ ልጄን ልትቀሙኝ ነው?" አለቻት። ስሙን አልለቀቀችም። ልጁን ግን ይቅር አላለችውም። ሮሞኬን፣ የሰው ልጅ፣ ይዞ መሞቱን ይቅር አላለችውም። በየዓመቱ ሌላው ለሙታኑ ሰደቃ ሲያወጣ እሷ በሯን ዘግታ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ የቢዱን እናት አፍ አውጥታ "ዘንድሮስ?" ብትላት፣ "ለጅል ሰደቃ አይወጣም" አለቻት።

የዘንድሮው ሰኔ ሲገባ የመጨረሻዋ ክፍል ተከራይ አገኘች። ላሚዲ የሚባል ልብስ ሰፊ፣ ሚስቱ ባሲራና የሦስት ወር ወንድ ልጃቸው። ሕፃኑ ለቅሶ ላይ ጎበዝ ነው፤ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ በሦስት ሳምንት ውስጥ የዓይኑ ስር ጠቁሯል። ላሚዲ ደግሞ በቅዳሜው ሠርግ ላይ አርባ ሰው የሚለብሰውን አንድ ዓይነት አረንጓዴ ዳንቴል ተቀብሎ ሌት ተቀን ይሰፋል።

እሁድ ዕለት፣ ከቀትር በኋላ፣ ሰማዩ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆረ። መብራቱ እንደ ልማዱ ቀድሞ ሄደ። ቀጥሎ ዝናቡ መጣ። የቆርቆሮው ጩኸት ሰው ከሰው አያነጋግርም። የቢዱን እናት ጥጧን ወተፈች፣ ሻሿን አሰረች፣ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች።

መጣ። ሁለት ጊዜ ሳለ። ዝም አለ። ከዚያ ያዘ።

"መጣህ ጂሞዬ?" አለች በሹክሹክታ። ሁልጊዜ እንዲህ ትለዋለች። ይቅርታ ትጠይቀዋለች፣ ለእናትህ ነገ እነግራታለሁ ትለዋለች፣ ዝናቡ ሲያባራ እሱም ይሄዳል። ስድስት ዓመት የለመደችው ነገር ነውና አልተነሳችም። ሰዓት አለፈ። ሰማዩ እየተቀደደ ሌላ ሰዓት ሊያልፍ ሆነ። ፉጨቱ ግን ዛሬ አልደከመም።

በሯ በእግር ተመታ።

"የቢዱን እናት! ውሃ ገብቷል፣ ተነሽ እንጂ! ወይስ አልጋሽ ጀልባ ነው?"

የጂሞ እናት ናት፤ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሸብ አድርጋ ጎድጓዳ ሳህን ይዛለች። ከመንገዱ ቦይ የሞላው ውሃ በፊት ለፊቱ በር ገብቶ ኮሪደሩ ላይ ተንጣሏል። ሌሎቹ ጎረቤቶች ወይ ቸርች ወይ ዘመድ ጥየቃ ሄደዋል። ሁለቱ አሮጊቶች ጎንበስ ብለው ውሃውን እየዛቁ ወደ ደጅ መድፋት ጀመሩ።

"ወገቤ!" አለች የጂሞ እናት። "አቶ ሳካ ይሄን ደፍ ከፍ አደርጋለሁ ካለ ስንት ዓመቱ?"

"ምላሱን ነው ከፍ ያደረገው።"

"እሱስ ጣሪያ ደርሷል።" ሳቀች፣ ከዚያ ቀና አለች። ጆሮዋን ወደ ጓሮ በኩል ሰጠች። "ዛሬስ በረታ" አለች።

"ዝናቡ?"

"ዝናቡ አይደለም።" ሳህኗን ነከረች። "ተይው። አበደች ትያለሽ።"

"ይሄን ለማለት ያንቺን ፈቃድ የጠበቅኩት መቼ ነው? ተናገሪ።"

"የዚያ የጅሉ ጄኔሬተር" አለች፣ ዓይኗን ከውሃው ሳታነሳ። "ዝናብ ሲመጣ ይሰማኛል። ሁለት ጊዜ ይስላል፣ ከዚያ ያፏጫል። ስድስት ዓመቴ። ወጥቼ አያለሁ፣ ምንም የለም። ለሰው አልተናገርኩም። ዛሬ ግን እዚሁ አጠገቤ ያለ ነው የሚመስለኝ።"

የቢዱን እናት ሳህኑ ከእጇ ወደቀ። ጥጡን ከጆሮዋ መዘዘች።

"አሁን የሚሰማው? ይሄ የሚያፏጨው?"

"አንቺም ትሰሚያለሽ?"

ተያዩ። ለአንድ አፍታ ሁለቱም ያሰቡት አንድ ነገር ነው፤ ጂሞ መጥቷል። ከዚያ ንፋሱ ከኮሪደሩ ጫፍ ነፈሰና የተቃጠለ ቤንዚን ሽታ አመጣላቸው። የሞተ ሰው ቤንዚን አያቃጥልም።

የቢዱን እናት በውሃው ውስጥ ሮጠች። ለመጨረሻ ጊዜ የሮጠችው መቼ እንደሆነ አላህ ይወቅ። የእንጨቱን በር ስትበረግደው የሚለበልብ ሙቀት ፊቷን መታት። በድሮው ማድቤት፣ ያኔ በገዛ እጇ ባስቀመጠችው ቦታ ላይ፣ ጄኔሬተሩ ተቀምጦ ይንደቀደቃል። ቢጫ ታንከሩ፣ ጎኑ ላይ ጂሞ በጥቁር ማጣበቂያ የደፈነው ስንጥቅ፣ ሁሉም እንደነበረ ነው። የጓሮው በር ተዘግቷል። ደፉ ላይ ቆማ ቀረች።

የጂሞ እናት ግን አልፋት ሄዳ የመጨረሻዋን ክፍል በር በቡጢ ደበደበች። ላሚዲ ከፈተ። ዓይኑ ደም መስሏል፣ አንገቱ ላይ የመለኪያ ሜትር ተንጠልጥሏል።

"እማማ፣ ምነው? ውሃ ገባ እንዴ?"

"አጥፋው! አጥፋውና ወደ ውጭ አውጣው!"

"በዚህ ዝናብ?" ግንባሩን አሸ። "እማማ፣ ገና ዛሬ ጠዋት ነው አሠርቼ ያመጣሁት። ደጅ አድርጌው ነበር፣ ዝናቡ ሊያሰጥመው ሲል አስገባሁት። ቅዳሜ ሠርግ ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ቀሚስ ይቀረኛል። ካላደረስኩ ሙሽራዋ እኔኑ ነው የምትሰፋኝ።"

"ከየት አመጣኸው?" አለች የቢዱን እናት ከኋላ።

"አቶ ሳካ ናቸው የሸጡልኝ። ቤታቸው ተቀምጦ ነበር።"

የጂሞ እናት ጎንበስ ብላ በጥቁሩ ስንጥቅ ላይ ጣቷን አሳለፈች፤ ትኩሱ ሲያቃጥላት እንኳ ጣቷን አላነሳችም። "የልጄ ነው" አለች። "ስማኝ፣ ልጄ እንዳንተ እዚህ አስገብቶት ነው የሞተው። ሚስቱን ይዞ ነው የሞተው። እባክህ።"

ላሚዲ አፈረ። ሰው አክባሪ ልጅ ነው፣ ክፉ አይደለም። "አላህ ይማረው እማማ። የእሱ መሆኑን አላወቅኩም፣ ወላሂ። ግን ..." አንገቱን አከከ። "ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እሱ እኮ ጠጥቶ በሩን ከፍቶ ነው የተኛው። አቶ ሳካ ሁሉን ነግረውኛል። እኔ አልጠጣም። በሬን ጥርቅም አድርጌ ነው የዘጋሁት። ጭሱ እዚህ ቀረ፣ እኛ እዚያ። ትንሽ ራሴን ነው ያመመኝ፣ እሱም ከስፌቱ ነው። ይኸው ልጁ እንኳ፣ ሦስት ሳምንት ያላስተኛችሁ ልጅ፣ ከእናቱ ጋር ድርግም ብሎ ተኝቷል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ድምፁን አልሰማሁም፣ አልሃምዱሊላህ።"

የጂሞ እናት አንገቷን ደፋች። ልጇ ሰካራም ነው፣ ልጇ በር ከፍቶ የሚተኛ ነው፤ ይህን ስድስት ዓመት አምና ኖራለች። ላሚዲ "ትንሽ ጋብ ሲልልኝ አወጣዋለሁ፣ እሺ?" ብሎ በሩን መግፋት ጀመረ።

የቢዱን እናት ከበሩ ክፍተት አልጋው ላይ አንድ ትንሽ እግር አየች። አይንቀሳቀስም። ለስድስት ዓመት የፈራቻት የጂሞ እናት አጠገቧ ቆማለች፣ ክርን ለክርን ተነካክተዋል። ሌላ መንገድ ፈለገች፤ አልነበረም። የዚያን ሌሊት በሩ ክፍት ይሁን ዝግ ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሕያው ሰው የለም።

"በሩ ዝግ ነበር" አለች።

"የቱ በር?"

"የጂሞ በር። ጥርቅም ብሎ ተዘግቶ ነበር። ልጁ አልጠጣም። ጄኔሬተሩንም እሱ አላስገባውም፣ ተኝቶ ነበር። እኔ ነኝ ያስገባሁት። ዝናብ መታው ብዬ፣ እዚህ፣ አሁን ያለበት ቦታ ላይ። የጓሮውን በር እኔ ዘጋሁ፣ የኮሪደሩንም እኔ ዘጋሁ። የነሱ በር ልክ እንዳንተ ዝግ ነበር። ሁለቱም ሞቱ። ገባህ? በሩ አላዳናቸውም!"

ላሚዲ ፊቱን ወደ አልጋው መለሰ። "ባሲራ" አለ። "ባሲራ! ባሲራ!"

ባሲራ አልመለሰችም።

ከዚህ በኋላ የሆነው በፍጥነት ሆነ። የጂሞ እናት ወደ ክፍሉ ዘላ ገብታ ሕፃኑን ነጥቃ ወጣች። ላሚዲ ሚስቱን ብብቷ ስር ይዞ ጎተተ፤ ሁለት ጊዜ በጉልበቱ ወደቀ፣ የራሱም እግር ከድቶታል። የቢዱን እናት የጓሮውን በር በትከሻዋ ገፍታ ከፈተችና የጄኔሬተሩን እጀታ ያዘች። ማጥፊያው የት እንዳለ አታውቅም። ያኔም አታውቅም ነበር። እየሠራ እንዳለ፣ ያኔ እንደጎተተችው፣ አሁን ወደ ውጭ ጎተተችው። ዝናቡ ውስጥ ገለበጠችው። ሁለት ጊዜ ሳለና ጠፋ።

የጂሞ እናት ዝናቡ መሃል ቆማ ሕፃኑን ወደ ሰማይ ቀና አድርጋ ይዛለች። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ውሃው ፊቱን ይገርፈዋል። "ተነስ" ትለዋለች። "ተነስ አንተ ሰነፍ! ሌሊት ሌሊት ስታስነሳን አልነበር? አሁን ጊዜ አጣህ?" እግሩን በጥፍሯ ቆነጠጠችው። ምንም። ደግማ ቆነጠጠችው። የቢዱን እናት ጭቃው ላይ ተንበርክካ አየች፤ እስትንፋሷን ይዛ ነበር፣ ልጁ ካልተነፈሰ እሷም የምትተነፍስ አልመሰላትም።

ሕፃኑ አስነጠሰ። ከዚያ ያ የተረገመ፣ ያ የተባረከ ለቅሶው መጣ። ሙሺን ሁሉ የሚሰማው ለቅሶ።

ባሲራ ለሁለተኛ ጊዜ ስታስመልስ ዓይኗን ገለጠች። ከወዲያኛው አጥር የሰሙ ሰዎች መጡ፣ ባለ ሦስት እግር ታክሲ ተገኘ፣ ቤተሰቡን ይዞ በጎርፉ ውስጥ ወደ ክሊኒክ ተንከራተተ። ወደ ማምሻው ላይ ላሚዲ ደወለ። ሦስቱም ደህና ናቸው፣ ለዛሬ እዚያው ያድራሉ። "ለትልቋ እማማ ንገሯቸው" አለ፣ "ለዚያችኛዋ።" የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም።

ዝናቡ ሲያባራ መብራት መጣ። በሰፈሩ ልጆች ሁሉ አንድ ላይ "መጣ!" ብለው ጮኹ፣ እንደ ሁልጊዜው። የቢዱን እናት በረጠበ ቀሚሷ ኮሪደሩን ይዛ ሄደች። የጂሞ እናት በመጨረሻዋ ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

"አልጠጣም?" አለች፣ ቀና ሳትል።

"አልጠጣም።"

"ተኝቶ ነበር?"

"ተኝቶ ነበር። ምንም አላወቀም። እኔ ነኝ።"

"ሚስቱን አልገደላትም?"

"አልገደላትም።"

የጂሞ እናት ረጅም ትንፋሽ ሳበች፣ ከዚያ አለቀሰች። በቀብሩ ያላለቀሰችውን አለቀሰች። "ስድስት ዓመት ሰደብኩት" አለች። "ስድስት ዓመት መቃብሩን ሳላይ፣ አንዲት ዱዓ ሳላደርግለት። ልጄን ጅል አልኩት። ጂሞዬ፣ የኔ ንጹሕ፣ የኔ ጨዋ ..."

የቢዱን እናት ልትይዛት ጎንበስ አለች። የጂሞ እናት እጇን አነሳች። ለመምታት አልነበረም፣ እንዳትቀርብ ነው።

"ጠዋት ጠዋት በሬን እየመታሽ 'የጂሞ እናት፣ ነጋ፣ ተነሽ' ትይኛለሽ" አለቻት። "በየቀኑ ስሙን ትጠሪብኛለሽ። እያወቅሽ። በዚያው አፍሽ።"

"ልነግርሽ ..."

"ዝም በይ። የሰው ልጅ ለማትረፍ ስትይ ተናገርሽ፤ አላህ ይይልሽ፣ እኔም አየሁልሽ። ባይሆን ኖሮ ይዘሽው ትሞቺ ነበር።" ተነሳች፣ ቀሚሷን ጨመቀች። "ሰዉ ሁሉ በልጄ ስም ይጥራኝ። አንቺ ግን ከዛሬ ጀምሮ በዚያ ስም እንዳትጠሪኝ።"

"ምን ብዬ ልጥራሽ ታዲያ?"

"አትጥሪኝ።"

አርብ ዕለት ሰደቃ አወጣች። ለጂሞና ለሮሞኬ፣ የስድስቱን ዓመት በአንድ ቀን። ኮሪደሩ በሰው ሞላ፤ ዱዓ ተደረገ፣ ትኩስ አካራ በትሪ በትሪ ለልጆች ታደለ። አካራውን ያስጠበሰችው ከሦስተኛው መንገድ ሴትዮ ዘንድ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አካራ የጠበሰች ሴት ፊት ለፊቷ አለች፤ መጥበሻዋን አጥባ ደጇ ላይ ደፍታው ተቀምጣ ነበር። ላሚዲ፣ ልጁን ታቅፎ፣ ከትሪው ሁለት አንስቶ አመጣላት። ተቀበለችው፣ ግን አልወረደላትም።

ዝናቡ እንደገና የመጣው በሳምንቱ ነው፣ ከቀትር በኋላ፣ እንደ ልማዱ። መብራቱ ድርግም አለ። ልጆቹ "ኤጭ!" አሉ። የቢዱን እናት ጥጡን አላነሳችም። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀች።

የሰፈሩ ጄኔሬተሮች ተንጫጩ። ከጓሮ ግን አልመጣም። ጆሮዋን ሰጥታ ቆየች። ሳሉም ፉጨቱም የለም። ስድስት ዓመት ይሄን ዝምታ ለምና ነበር። አሁን ሲመጣ "መጣህ?" የምትለው እንኳ አጣች።

ተነስታ በሯን ከፈተች። ፊት ለፊት ያለው በርም ገርበብ ብሏል። በጨለማው ውስጥ ያቺ ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ራሷን ወደ ጓሮ ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። እሷም እየጠበቀችው ነው። እሷም አልመጣላትም።

የቢዱን እናት ልትጠይቃት ፈለገች። ይሰማሻል? ሄደ ይሆን? ተወን ወይስ ይቅር አለን? በዚህ ዓለም ላይ ይህን የምትጠይቀው ሌላ ሰው የላትም። አፏን ከፈተች። ሃያ ስምንት ዓመት አፏ የለመደው የመጀመሪያ ቃል አንድ ነው፤ እሱ ደግሞ ተወስዶባታል።

ውሃው በፊት ለፊቱ በር ስር መግባት ጀመረ። ሁለቱም አዩት። ሁለቱም ጎድጓዳ ሳህናቸውን አነሱ፣ ኮሪደሩ መሃል ወጡ፣ ጀርባ ለጀርባ ሆነው ጎንበስ አሉና መዛቅ ጀመሩ።